ለረዳቱ የተሠራ ማረፊያ

ልብስ ሰፊዋ ቁልፍ ባነሳች ቁጥር ከሳሎኑ ጥግ አንድ ድምፅ ይከተላታል። «የት ነው የምትሄጂው?» ይላል። ወፍራም፣ ሲጋራ የጠገበ፣ መልስ ሳያገኝ የማይለቅ የወንድ ድምፅ ነው። እሷም እጇን ከበሩ እጀታ ላይ ሳታነሳ «ሱቅ ድረስ ነው ጋሼ፣ አሁን እመለሳለሁ» ትላለች። ጋሼ የምትለው ወንድሟ ግን አልጠየቃትም። እሱ መስኮቱ አጠገብ ባለጎማ ወንበሩ ላይ ዝም ብሎ ተቀምጧል። የጠየቃት በቀቀኑ ነው። ለወፍ መልስ መስጠቷ አንዳንዴ ራሷንም ያስቃታል። አንድ ጊዜ ሳትመልስለት ወጥታ ግን ገበያ ውላ እስክትገባ የሆነ ነገር ሠርታ የጠፋች ይመስል ወደ ኋላዋ ስትገላመጥ ዋለች። ከዚያ ወዲህ መመለሱ ይሻለኛል ብላለች።

ወፉ ጭራው ብቻ ቀይ የሆነ ግራጫ በቀቀን ነው፤ ስሙ ረዳት ይባላል። ወንድሟ የጭነት መኪና እየነዳ አገር ለአገር ሲዞር ከአንድ የወደብ ከተማ ገዝቶት መጣና ጋቢና ውስጥ ከጎኑ አስቀመጠው። «ሌላው ሰው ረዳት ይቀጥርና ነዳጅ ይሰረቃል፣ እኔን የሚሰርቀኝ ኦቾሎኒ ብቻ ነው» እያለ ለጓደኞቹ ይቀልድ ነበር። ወፉም ሙያውን ጥንቅቅ አድርጎ ያዘ። ከመኪና ኋላ ቆሞ ሾፌሩን እንደሚያስጠጋ ረዳት «ና፣ ና፣ ና፣ ና፣ በቃ!» ይላል። እንደ ፍሬን ይተነፍሳል። ጎማ ሲፈነዳ ሾፌሮች የሚሉትን፣ ደንበኛ ባለበት የማይባለውን ሁሉ ይላል። ከሁሉም በላይ ግን የሾፌሩን ድምፅ ቀዳ። አንዱን ከአንዱ መለየት እስኪያቅት ድረስ ቀዳው።

እናትና አባታቸው ተከታትለው ሲያርፉ እሷ የወተት ጥርሷን እንኳ ነቅላ አልጨረሰችም ነበር። ወንድሟ ጢሙ ገና ማቀምቀም ጀምሯል። ዘመድ ተሰብስቦ ልጅቷን ማን ይውሰዳት እያለ ሲማከር እሱ ተነስቶ «እህቴን ማንም አይወስዳትም» አለና በሩን ከፍቶ ሸኛቸው። መጀመሪያ በመኪና ረዳትነት፣ ኋላ በሾፌርነት እየሠራ አሳደጋት። ናፍጣ በሚሸተው እጁ ፀጉሯን ለመጎንጎን ይታገልና አንዱ ጉንጉን ወደ ሰማይ፣ አንዱ ወደ መሬት እያየ ትምህርት ቤት ይልካት ነበር። ልጆች እንደሚስቁባት አንድም ቀን አልነገረችውም። መንገድ ላይ ፈትታ፣ ስትመለስ ቤቷ ደጃፍ መልሳ ታስረዋለች። አድጋ ስፌት መውደዷን ሲያይ ደግሞ ከአንድ ሩቅ ጉዞ ሲመለስ ከጭነቱ አናት ላይ በእግር የሚረገጥ የስፌት መኪና አወረደላት። የብረት እግሩ ላይ ቅጠልና አበባ የተቀረጸበት ነበር። ያን ዕለት መኪናውን አቅፋ አለቀሰች።

ወንድሟ ካሳደጋት በኋላም ማሳደጉን አላቆመም፤ መከራዋ ይሄ ነበር። ፀጉሯ ሽበት ጣል ጣል ማድረግ ሲጀምር እንኳ «ሚጣ» ነው የሚላት። ሊያነጋግራት የሚኖሩበትን ፎቅ ደረጃ የወጣ ወንድ ሁሉ በሩ ላይ «ሥራ የለህም?» የምትለዋን ጥያቄ ቀምሶ ይመለሳል። ሌላ ከተማ ያለ የልብስ ፋብሪካ የጨርቅ ቆረጣውን ክፍል እንድትመራለት በጠራት ጊዜ ሻንጣዋን ከአልጋ ሥር አውጥታ አቧራውን ጠርጋ ነበር። ወንድሟ በሩን ተደግፎ አያት። አልተቆጣም። «እኔ እያለሁ ምን ጎደለሽ?» አላት። እውነትም ምንም አልጎደላትም ነበር። ሻንጣውም ወደነበረበት ገባ።

ከዚያ ስትሮክ መታው። አንድ ጠዋት ጫማውን ሊያስር እንዳጎነበሰ በዚያው ቀረ። ሆስፒታል ከርሞ ሲመለስ ቀኝ እጁና ቀኝ እግሩ የሌላ ሰው ሆነውበታል። ከዚያ ሁሉ ንግግሩ የተረፈችለት አንዲት ቃል ናት። «እሺ።» ዕድሜውን ሙሉ ለማንም እሺ ብሎ የማያውቅ ሰው አሁን ሲርበውም እሺ፣ ሲያመውም እሺ፣ ሲናደድ ጠረጴዛ እየደበደበ እሺ ሆነ ነገሩ። ሐኪሞቹ «ሐሳቡ አለ፣ የሚሰማውን ይረዳል፣ ቃሉ ነው እምቢ ያለው» አሏት። ቃሉን ትታ ዓይኑን ማንበብ ተማረች። ዓይኑን ጠበብ ሲያደርግ ውሃ ነው፤ ወደ ግድግዳው ሲመልስ አፍሯል፣ ልብሱ መቀየር አለበት፤ ቅንድቡ ሲሸበሸብ ትራሱ አልተመቸውም።

ሰውየው ዝም ሲል ድምፁን ወፉ ወረሰ። ቤቱ ውስጥ አሁንም «ሚጣ!» እየተባለች ትጠራለች፣ «ሻይ የለም እንዴ?» ትባላለች። መጀመሪያ አካባቢ ወንድሟ የራሱን ድምፅ በሰማ ቁጥር ወደ ወፉ የሽቦ ጎጆ ዞር ይል ነበር፤ የቀሙትን ንብረት ሰው እጅ ላይ እንዳየ ዓይነት። እያደር ተወው።

እንግዲህ የልብስ ሰፊዋ ቀን እንዲህ ያልፋል። ጠዋት ወንድሟን ታነሳለች፣ ታጥባለች፣ ታበላለች። ከዚያ ሳሎኑ የስፌት ቤት ይሆናል፤ የተማሪ ዩኒፎርም፣ መጋረጃ፣ የሚሳጠር ሱሪ፣ የሚሰፋ ቀሚስ። ደንበኛ ልክ ሲሰጥ ወንድሟን ከነወንበሩ ወደ መስኮቱ ታዞረዋለች። ምሳ በልቶ ሸለብ ሲያደርገው ትወጣለች፤ አወጣጧ ግን ወተት እሳት ላይ ጥዳ የወጣች ሴት አወጣጥ ነው። መንገድ ላይ ሰላም የሚላትን በአንገቷ ብቻ እየመለሰች፣ ክርና ቁልፍ ገዝታ፣ ደረጃውን እያለከለከች ትመለሳለች። የራሷ የምትለው ነገር መስኮቱ ነው። ሥራ ሲሰለቻት ከፈት አድርጋ ክንዷን ደፉ ላይ ጣል ታደርግና ታች ያለውን ሰው ታያለች። ነፋስ ፊቷን ሲነካት ትንሽ ወጣ ብላ የተመለሰች ይመስላታል።

አንድ ቀን ከወፉ ጎጆ ሥር ስትጠርግ ግራጫ ላባ ተከምሮ አገኘች። በማግሥቱም እንደዚያው። ብዙም ሳይቆይ የረዳቱ ደረት ለድስት እንደተዘጋጀ ዶሮ ተመልጦ ቁጭ አለ። በገዛ አፉ እየነጨ ነበር የሚጥለው። ብትቆጣው፣ ብታባብለው፣ ጨርቅ ብታለብሰው በጄ አላለም። ወንድሟ ያንን ደረት እያየ ዓይኑ እንባ ሲያቀር ስታይ አንጀቷ አልቻለም። ጎጆውን በነጠላ ሸፍና ወደ እንስሳት ሐኪም ወሰደችው።

ሐኪሟ ወጣት ሴት ነበረች። ወፉን በፎጣ ጠቅልላ ደረቱን፣ ክንፉን፣ አፉን አየች። ረዳቱ በሾፌሩ ድምፅ «ቀስ በል እንጂ!» ሲላት ሳቋን መያዝ አቃታት።

«በሽታ አላገኘሁበትም እትዬ» አለች በመጨረሻ። «ሰልችቶት ነው። ቀኑን ሙሉ እዚህች ጎጆ ውስጥ ነው የሚውለው?»

«ጌታው ከታመመ ወዲህ አዎ። ድሮ ከትከሻው አይወርድም ነበር።»

«ጮሌ ልጅ አድርገው ያስቡት። ጮሌ ልጅ ቁም ሣጥን ውስጥ ቢቆለፍበት ፀጉሩን አይነጭም? ወጥቶ የሚውልበት ማረፊያ ያስፈልገዋል። የሚወጣበት፣ የሚወርድበት፣ የሚጫወትበት።»

«ምን ዓይነት?»

«ዋናው እግሩ ነው። እንጨቱ አንዱ ወፈር፣ አንዱ ቀጠን፣ አንዱ ጎርበጥ ያለ ይሁን፤ አንድ ዓይነት ከሆነ ውስጥ እግሩ ይቆስላል። ቀለምና ቫርኒሽ እንዳይነካው፣ ማኘኩ አይቀርም። የሚቦጫጭቀው ነገር ይንጠልጠልለት። ከፍታው ከደረትዎ አይብለጥ፤ ከሰው በላይ ከተቀመጠ ይኮራል።»

«ከዚህ በላይ ሊኮራ ነው?»

ሐኪሟ ሳቀችና አንድ ነገር ጨመረች። «ከጎጆው ሲወጣ ታዲያ መስኮትም በርም ዝግ ይሁን። አንዴ ካመለጠ ተመልሶ አይገኝም።»

ልብስ ሰፊዋ እሺ ብላ ወጣች። መንገዱን ያጋመሰች ጊዜ ነው የእሷም መስኮት አብሮ እንደሚዘጋ ገብቷት ቀጥ ያለችው። ጎጆውን ከአንዱ እጇ ወደ ሌላው አዛወረችና መንገዷን ቀጠለች።

መጀመሪያ የሄደችው የቤት እንስሳት ዕቃ ወደሚሸጥበት ሱቅ ነው። ሁለት ዓይነት ማረፊያ ነበር። አንደኛው ሮዝና ቢጫ ፕላስቲክ፣ መስታወትና ቃጭል የተንጠለጠለበት፣ የሕፃን አልጋ የሚመስል። ሁለተኛው የሚያብለጨልጭ ብረት። ጨርቅ ስትገዛ እንደለመደችው በጣቶቿ እያሸች አየቻቸው። ፕላስቲኩ ያሟልጫል። ብረቱ ይቀዘቅዛል፣ ዳር እስከ ዳር አንድ ዓይነት ነው፣ ነቅነቅ ስታደርገውም ተንገዳገደ።

«ይሄ ለፎጣ መስቀያ ነው የሚሆነው» አለች።

ባለሱቁ ከመደርደሪያው ኋላ ሆኖ «እትዬ፣ ወፉ እኮ አያማርጥም። የሚያማርጡት እርስዎ ነዎት» አላት።

«እኔ አማርጬ አላውቅም። ዛሬ ልሞክረው እስቲ» አለችና ሁለቱንም ትታ ወጣች።

የሚኖሩበት ፎቅ ምድር ቤቱ ላይ አናጢ ነበር። በር፣ መስኮት፣ አልጋ ይሠራል። ሚስቱ ከሞተችበት ቆይቷል፤ አንዲት ልጁ ሌላ ከተማ ተድራ ሄዳለች። ሲናገር ቃሉን እንደ ሳንቃ ለክቶ የሚያወጣ፣ ቸኩሎ የማያውቅ ሰው ነው። ልብስ ሰፊዋን ባለመቀስ ነው የሚላት፣ እሷም ባለሙያው ትለዋለች። ከዓመታት በፊት አንዴ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ ደረጃውን ወጥቶ ነበር። በሩ ላይ የገጠመውን እንግዲህ መገመት ነው። ከዚያ በኋላ ሰላምታውን አላቋረጠም፣ ደረጃውን ግን ወጥቶ አያውቅም።

የፈለገችውን ስትነግረው እርሳሱን ከጆሮው ላይ አውርዶ «ለወፍ ነው?» አለ።

«ለወፍ ነው። አይሳቅ።»

አልሳቀም። ጥቂት ቀን ቆይቶ ማረፊያውን ተሸክሞ መጣ። እውነት ለመናገር ድንቅ ነገር ነበር። ምሰሶው ወገቡ ላይ ቅጥን ያለ፣ ግራና ቀኙ እኩል የወጡ ክንዶች ያሉት፣ በማሽን ተልጎ ለስልሶ፣ በቫርኒሽ ተወልውሎ ፊት የሚያሳይ። የነገረችውን ሁሉ ሰምቶ ሲያበቃ እጁ የለመደውን ሠርቶ ነበር። ልብስ ሰፊዋ በመዳፏ ዳሰሰችው፤ ያንን ሁሉ ድካም መመለስ ከበዳት። «እንሞክረው» አለች።

ረዳቱ ከጎጆው ወጣ፣ አንድ እግሩን ክንዱ ላይ አሳረፈ፣ ሁለተኛውን አስከተለ። ወዲያው ሙልጭ ብሎ ተገለበጠና ዘቅዝቆ እንደተንጠለጠለ በሾፌሩ ድምፅ «በቃ! በቃ አልኩህ!» አለ። በክፍሉ ውስጥ አንድ ያልተለመደ ድምፅ ተሰማ። ወንድሟ እየሳቀ ነበር። ግማሽ ፊቱ ብቻ ነው የሚስቀው፣ ግን ትከሻው እስኪንቀጠቀጥ ሳቀ። ልብስ ሰፊዋ ከታመመ ወዲህ ሲስቅ አይታው አታውቅም። አናጢውም ሥራው ስለተሳቀበት ቅር አላለውም። «እንግዲህ ለካፖርት መስቀያ ይሁናችሁ» አለና መሬት ላይ ቁጭ አለ። «በይ እንደገና ንገሪኝ፣ አሁን እየሰማሁ ነው።»

በመንገር ፈንታ ሣለችው። የልብስ ንድፍ የምታወጣበትን ትልቁን ወረቀት ወለሉ ላይ ዘርግታ፣ በጠመኔዋ ማረፊያውን በቁመቱ ልክ ነደፈችው፤ አንዱ ቅርንጫፍ እዚህ ጋ፣ አንዱ ዝቅ ብሎ፣ ወፉ በአፉ ነክሶ ከአንዱ ወደ ሌላው የሚሻገርበት። ወንድሟ ወንበሩ ላይ ሆኖ ግራ እጁን ሲዘረጋ የሚደርስበትንም ለካች፤ ታችኛው ቅርንጫፍ እዚያ ላይ እንዲሆን ፈለገች። ግቢው ውስጥ ካለው የዘይቱን ዛፍ ዘበኛው የገረዘውን ቅርንጫፍ ለምና አመጣች፤ በፈላ ውሃ አጥባ አደረቀችው። የቀረው ወፉ ሲንጠላጠልበት የማይወድቅ ከባድ መቆሚያ ነበር።

ጥግ ላይ አሮጌው የእግር ስፌት መኪና ቆሟል። በኤሌክትሪክ መስፋት ከጀመረች ወዲህ የጨርቅ መከመሪያ ሆኖ ነበር። ብረት እግሩን አየችው፣ አናጢውም ያየችውን አየ። መፍቻውን አንስቶ የላይኛውን ሳንቃ ሊፈታ ሲጀምር ወንድሟ ጠረጴዛውን በጡጫ መታው።

«እሺ! እሺ! እሺ!»

ልብስ ሰፊዋ አጠገቡ ተንበረከከች። «ጋሼ፣ መኪናህን አልጣልኩትም። የመኪናውን ራስ አስቀምጬዋለሁ። እግሩን ነው ለረዳት የሰጠሁት።» ወንድሟ አያት፤ ብረቱን አየ፤ ወፉን አየ። ጡጫው ቀስ ብሎ ተፈታ።

እንደዚህ ተጀመረ። አናጢው ሥራውን ሲጨርስ ፀሐይ ዘቅዘቅ ስትል ይመጣና ይሠራሉ። ረዳቱ ወጥቶ ስለሚዞር መስኮቱም በሩም ዝግ ነው። የካውያው እንፋሎት፣ የእንጨቱ ብናኝ፣ የሦስት ሰው ትንፋሽ አንድ ላይ ታፍኖ ግድግዳው ያልበዋል። እሷ ግን ሰዓቱ ሲደርስ ሳታውቀው የአንገት ልብሷን ስታስተካክል ትገኛለች። አናጢው ይሰረስራል፣ እሷ ትይዛለች። ክር ያለቀባቸውን የካርቶን ቀፎዎች እንዲቦጫጭቃቸው በየቦታው ሰካችለት። የምትስቅበት ነገር አይጠፋም ነበር።

አንድ ቀን አናጢው ብሎኑን ሲያጠብቅ ወፉ ጭንቅላቱን ዘመም አድርጎ አየውና «ሥራ የለህም?» አለው።

የአናጢው እጅ ቀጥ አለ። ያቺን ጥያቄ በዚያው ድምፅ፣ በዚያው በር ላይ ከሰማት ስንት ዘመኑ። ልብስ ሰፊዋ የምትገባበት ጠፋት። እሱ ግን መፍቻውን እያዞረ፣ ዓይኑን ከብሎኑ ሳያነሳ «አለኝ ጋሼ፣ ይኸው እየሠራሁ ነው» አለ። ለወፉ ነው የመለሰው። ወንድሟ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ልብሱ ደረቅ ነበር፤ ያን ዕለት ያፈረው በሌላ ነገር ነው።

ማረፊያው ሲያልቅ ለዓይን የሚያምር ነገር አልነበረም። ጠማማ ቅርንጫፎች ከአበባማ የብረት እግር ላይ የበቀሉ ይመስላሉ። ረዳቱ መጀመሪያ ጫፉን ነክሶ ቀመሰው። ከዚያ ወጣበት፣ ዞረ፣ ወረደ፣ አንዱን ካርቶን ቦጫጭቆ ወለሉ ላይ በተነው፣ ታችኛው ቅርንጫፍ ላይ ሲደርስ ወንድሟ ግራ እጁን ዘርግቶ ኦቾሎኒ ሰጠው። ወፉም ተቀበለውና እዚያው አጠገቡ ተቀመጠ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሁለቱ ጎን ለጎን መዋል ጀመሩ።

አናጢው ብናኙን ሲጠርግ ቆየ፤ የተጠረገውን መልሶ ጠረገው። ከዚያ ወደ ማድቤቱ በር ጠጋ ብሎ ዝቅ ባለ ድምፅ ተናገረ።

«ባለመቀስ፣ ምድር ቤቱን ልለቀው ነው። ልጄ ና፣ አጠገቤ ሁን ብላኛለች። እዚያ የሥራ ቦታም ተገኝቷል። ከጀርባው ቤት አለው፣ ደረጃ የለውም። አንዱ ክፍል ለስፌት ይሆናል፣ መስኮቱ ሰፊ ነው፤ ሄጄ አይቼዋለሁ።»

እሷ የያዘችውን ሳህን ማጠቡን ቀጠለች።

«ጋሼስ?»

«እሱንም፣ ወፉንም፣ ይሄንንም» አለ ወደ ማረፊያው በአገጩ እያመለከተ። «ሁሉንም ይዘን አብረን እንሂድ ነው ያልኩሽ። ግን እሱ እምቢ ካለ ጎትቼው አልሄድም። ያንን አልችልም። ጠይቂውና ንገሪኝ።»

ለመጠየቅ ቀናት ፈጀባት። አንድ ከሰዓት፣ ደንበኛ በሌለበት፣ መቀሷን አስቀምጣ ከወንበሩ ፊት ለፊት ተቀመጠች። ሁሉንም ነገረችው። ደረጃ የሌለውን ቤት፣ ሰፊውን መስኮት፣ የአናጢውን ልጅ። ወንድሟ እያያት ሰማ።

«እንሂድ ጋሼ?»

«እሺ» አለ።

ልትነሳ ቃጣች፤ ወዲያው ግን ጥያቄውን ገለበጠችው። «እንቅር?»

«እሺ።»

«ጋሼ በናትህ። መሄዱን ትፈልጋለህ ወይስ አትፈልግም? ዓይንህን ብቻ አሳየኝ።»

ወንድሟ ዓይኑን ጨፈነ።

እንቅልፍ አልነበረም። ከዓይኑ ቆብ ሥር ብሌኑ ሲንቀሳቀስ ይታያል። እጁን ያዘች፣ ትከሻውን ነካች፣ «ክፈት እንጂ» አለችው፤ ድምፅዋ እየጨመረ ሄደ፤ በሕይወቷ ጮኻበት የማታውቀውን ጮኸችበት። እሱ ዓይኑን እንደጨፈነ ቀረ። ከተጨፈነው ዓይን ጥግ እንባ ወርዶ ጢሙ ውስጥ ገባ። የምታነብበትን አንድ መስኮት ዘጋባት። የዘጋው እንዳትሄድበት ፈርቶ ይሁን፣ ወይ «እኔን አትጠይቂኝ፣ እንደፈለግሽ ሁኚ» ሊላት፣ እስከ ዛሬ አታውቅም። ሁለቱንም ለራሷ ደጋግማ ብላዋለች፤ ሁለቱም ይሆናሉ፣ ሁለቱም አይሆኑም።

ለአናጢው ምድር ቤት ወርዳ ነገረችው። የሰበሰበውን መሣሪያ በካርቶን ሲያሽግ ነው ያገኘችው።

«እሺ ካለማ እሺ አለ» አላት። እየቀለደ አልነበረም።

«እንቅር ስለውም እሺ ነው ያለኝ። ያቺን ቃል ይዤ ብሄድ ከኪሱ ገብቼ እንደወሰድኩበት ነው።»

«አንቺስ? የአንቺ እሺ የት አለ?»

ልብስ ሰፊዋ መልስ ፈለገች፤ ከልቧ ፈለገች። መሄድ መፈለጓን ታውቃለች። ግን ወንድሟን እንደ ዕቃ ጭና የምትሄደውን ራሷን ስታስብ፣ ከዚያም ተጭኖ የሄደው ሰው በአናጢው ቤት ጥግ ዓይኑን ጨፍኖ ሲኖር ስታይ፣ አፏ ይታሰራል። «ይቅርታ ባለሙያው» አለች። አናጢውም አልለመናትም። ካርቶኑን ዘጋው።

በሄደ ቀን ዕቃ የሚጭን መኪና ወደ ምድር ቤቱ በር ኋላውን ሰጥቶ ይጠጋ ነበር። እሷ በተዘጋው መስኮት መስታወት ታያለች። ረዳቱ የሞተሩን ድምፅ ሲሰማ ማረፊያው አናት ላይ ወጥቶ ክንፉን ዘረጋና በሙሉ ድምፁ «ና፣ ና፣ ና፣ ና» አለ። መኪናው የሚሰማው ይመስል ቀስ እያለ ተጠጋ። «በቃ!» አለ ወፉ፤ መኪናውም ቆመ። አናጢው ጋቢና ከመግባቱ በፊት ቀና ብሎ ወደ ላይ አየ። እጇን አነሳች፤ መስታወቱ ላይ ፀሐይ ስለነበረች ይያት አይያት አታውቅም። ወንድሟ ያን ቀን ምሳውን አልበላም።

ከዚያ ወዲህ የረዳቱ ደረት መጀመሪያ እንደ ጥጥ ያለ ነጭ ነገር አበቀለ፣ ኋላ ግራጫው ተከተለ። አንገቱ ሥር ያለው ክፍት ግን አልሞላም፤ ሐኪሟም ላይሞላ ይችላል ብላታለች። ማረፊያው ደግሞ ማለቁ አይቀርም። ወፉ ቅርንጫፉን እያኘከ ስለሚሰባብረው በየጊዜው መተካት ያስፈልጋል። የመጀመሪያው ቅርንጫፍ ሲሰበር ምድር ቤቱን ጫማ ሻጭ ተከራይቶት ነበር። ልብስ ሰፊዋ መጋዝ ገዛች። ዘበኛው መሰላሉን ይዞላት ከዘይቱኑ ዛፍ ላይ የፈለገችውን ራሷ መርጣ ቆረጠች፤ የጎረቤት ሴቶች በየበረንዳው ቆመው «እሷ ደግሞ አናጢም ሆነች» ሲሉ ሰማቻቸው። ቤት ስትገባ የእንጨቱን አንዱን ጫፍ ወንድሟ ጉልበት ላይ አደረገችው። በግራ እጁ አጥብቆ ያዘላት። እሷ ትገዘግዛለች፣ ብናኙ ጭኑ ላይ ይወርዳል፤ ሁለቱንም አላባቸው። ሲቆረጥ የእንጨቱን ጫፍ አገላብጦ አይቶ ጎርበጥ ያለውን በአውራ ጣቱ አሳያት። እሷም በብርጭቆ ወረቀት አሸችለት። ያንን የመሰለ ሥራ አብረው ሠርተው አያውቁም ነበር። ደስ አላት፤ ደስ መሰኘቷ ግን መልሶ አናደዳት።

አናጢው አልፎ አልፎ ስልክ ይደውላል። መጀመሪያ ቶሎ ቶሎ ነበር፤ እየራቀ መጥቷል። አንድ ቀን ዩኒፎርም እየሰፋች ሳለ ደወለና እንደ ልማዱ ቃሉን እየለካ ጠየቃት።

«ወፉ እንዴት ነው?»

«ላባ አብቅሏል። ሁለተኛውን ቅርንጫፍ በላው፣ እኔው ተካሁለት።»

«በምን ሰረሰርሽው?»

«በገዛሁት መሰርሰሪያ። ትንሽ ጠሟል፣ ግን ይይዛል።»

«ከያዘ ይበቃል» አለ። ከሱ በኩል ሰው ሲያወራ፣ መዶሻ ሲመታ ይሰማል። «አንቺስ እንዴት ነሽ?»

ክፍሉ ታፍኗል። ወንድሟ ወንበሩ ላይ አንገቱን ጣል አድርጎ አንቀላፍቷል፤ ወፉ ከጎኑ ካርቶን ይቦጫጭቃል። ልብስ ሰፊዋ ስልኩን በትከሻዋና በጆሮዋ መሀል አጣብቃ የሸሚዝ እጅጌ ታገላብጣለች።

«ሥራ በዝቶብኛል» አለችው። «ትምህርት ቤት ሊከፈት ነው።»

ደህና ሁኚ፣ ደህና ሁን ተባባሉ። ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ደፍታ መርፌው ሥር የነበረውን እጅጌ አየችው። ገልብጣ ሰፍታዋለች። ፈታችውና እንደገና መስፋት ጀመረች።